ከአውራ ጎዳናው ጀርባ

«ሰፈረ» የሚለው ግሥ በአማርኛችን ሁለት ሥራ አለው። መንገደኛ ሲሰፍር ድንኳኑን ይተክላል፤ እህል የሚሰፍር ደግሞ በቁና ይለካል። አዲስ አበባ ያደገችው በፊተኛው ነው፤ መኳንንቱ በየኮረብታው ሰፈሩ፣ ጭፍራው በዙሪያቸው ሰፈረ፣ መንገዱ ኋላ መጣ። እነ ደጃች ውቤ ሰፈር በስማቸው ሳይቀር የዚያ ልማድ ምስክሮች ናቸው። ማሻም ሳትለካ እየሰፈረች ነው ብዬ እሰጋለሁ።

ከጎሬ ወደ ቴፒ የሚዘልቀው አውራ ጎዳና ከተማችንን ያቋርጣታል። ቤት የሚሠራ ሁሉ ፊቱን ወደዚያ ያዞራል። ስለዚህም ማሻ እንደ ገመድ ትረዝማለች እንጂ አትወፍርም። ከጎዳናው ጀርባ የሚኖር ሰው አጥር ለአጥር ወደሚዋሰነው ጎረቤቱ ለመድረስ አስፋልት ድረስ ወጥቶ፣ ዞሮ፣ እንደገና ይገባል። የገባበት ጉራንጉር ከአንዱ እንሰት ሥር ያበቃልና! በበጋ ይህ የእግር ድካም ነው። የእኛ አገር በጋ ግን አጭር ነው፤ በዝናቡ ወራት ምጥ የያዛት ሴት በቃሬዛ ጭቃ ለጭቃ የምትወጣው ከዚሁ ጉራንጉር ነው። በባንክ ሥራዬ እንደማየው፣ ለብድር መያዣ የሚቀርብ ቤት ሲገመት «መኪና ይገባል ወይ?» መባሉ አይቀርም። መንገድ ያጣ ቤት ዋጋም ያጣል።

(ሚዛን አማንን ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል፤ ሁለት ከተሞች በአንድ ጎዳና ተሳስበው አንድ ስም ያዙ።)

መፍትሔው ከተማዋን ወደ ጎን ማስፋት ነው የሚሉ ወዳጆች አሉኝ። አልስማማም። ወደ ጎን ያለው በ2004 ዓ.ም. ዩኔስኮ በባዮስፌር ጥብቅ ክልልነት የመዘገበው የሸካ ደን ነው፤ የማራችንና የኮረሪማችን ቤት። አዲስ ቦታ ከመሸንሸን ይልቅ በተያዘው መሬት ላይ ጉራንጉሩን ከጉራንጉር ማገናኘት ይቀድማል። የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 ከተሞች በፕላን እንዲመሩ ያዝዛል። እኔ የምለው፣ ፕላን አውጪው አስቀድሞ ተማሪዎች በእግራቸው ያወጧቸውን አቋራጮች ተከትሎ ይሂድ፤ ወረቀቱ ላይም ያስፍራቸው። በየጅረቱ ላይ ለእግረኛ የሚበቃ የእንጨት ድልድይ ይጣል፤ ለእያንዳንዱ ዝግ ጉራንጉር አንድ መውጫ ይከፈትለት።

ግንብ ከቆመ በኋላ መንገድ ማውጣት ቤት ማፍረስ ነው። ዛሬ ግን በብዙው ቦታ የሚነሣው የቀርከሃ አጥርና ጥቂት እግር እንሰት ነው። ለእንሰቱም ቢሆን ካሳው አስቀድሞ ይከፈል፤ የአንድ ቤተሰብ የዓመታት ጎተራ ነውና።