የመድረክ ቀለም ሲበላሽ ጥፋቱ የማን ነው?

በቲያትር ቤት ውስጥ ከተመልካች ዓይን ተሰውሮ የሚሠራ ሰው ብዙ ነው። ከእነዚህም አንዱ የመብራት ባለሙያው ነው። ተዋናዩ በሚገባ የተጫወተ እንደሆነ ይጨበጨብለታል፤ ደራሲው ጥሩ የጻፈ እንደሆነ ስሙ ይነሣለታል፤ የመብራት ባለሙያው ግን ሥራውን በትክክል ባከናወነ ቀን ማንም አያስታውሰውም። የሚታወሰው መብራቱ የተበላሸ ዕለት ነው። ሀገር ፍቅር ቲያትር በ1927 ዓ.ም. ከተመሠረተ፥ ዛሬ ብሔራዊ ቲያትር የምንለውም ቤት በ1948 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ ስለ ድርሰትና ስለ ትወና ብዙ ተነግሯል። ስለ መብራት የሚነገረው ግን ከዚያ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ያነሰ ነው። ስለዚህ ዛሬ በዚህ ገጽ ስለዚሁ ጉዳይ ጥቂት ለመናገር ወደድን።

የምንናገረውም በመድረክ ላይ አንዱ ቀለም ቀስ በቀስ ወደ ሌላው በሚለወጥበት ጊዜ ስለሚደርሰው ብልሽት ነው። ፀሐይ ጠለቀች፥ ሌሊት ሆነ ሲባል ብርሃኑ ከቢጫ ወደ ሰማያዊ በለሰለሰ አካሄድ መሻገር ይገባዋል። ነገር ግን አንድ ቀን በመካከሉ ዐመድ ይመስላል፤ አንድ ቀን ይንቀጠቀጣል፤ አንድ ቀን ደግሞ ደረጃ እንደሚወርድ ሽማግሌ ቆም ቆም እያለ ይጨልማል። ተመልካቹ ይስቃል፤ ተዋናዩ ይደናገራል፤ በማግሥቱም በቢሮ ውስጥ ሁለት ዓይነት አነጋገር ይሰማል። አንደኛው «ባለሙያው ሥራውን አያውቅም» የሚል ነው። ሁለተኛው «የመብራት መቆጣጠሪያው ጠረጴዛ አርጅቷልና አዲስ ይገዛ» የሚል ነው። በእኛ አስተያየት ሁለቱም ከምርመራ በፊት የተሰጡ ፍርዶች ናቸው። «ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ» የሚለው ያባቶቻችን አነጋገር ለመድረክ መብራትም ይሠራል።

ሥሩን ለማግኘት ጥቂት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። በሎንዶን ከተማ ሳቮይ የተባለው ቲያትር በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1881 ዓ.ም. ተከፍቶ በዚያው ዓመት ሁለንተናው በኤሌክትሪክ የበራ የመጀመሪያው የሕዝብ ሕንጻ ሆነ። ወደ 1,200 የሚጠጉ አምፖሎች ነበሩት። ከዚያ በፊት ታላላቆቹ ቲያትር ቤቶች የሚበሩት በጋዝ ነበር። ከዚያም በኋላ ለረጅም ዘመን የመድረክ መብራት ማለት በውስጡ ቀጭን ሽቦ ግሎ የሚያበራበት፥ በፊቱም ባለቀለም ስስ ሽፋን የተጋረደበት መሣሪያ ማለት ነበር። ቀይ የተፈለገ እንደሆነ ቀይ ሽፋን ያለው ይበራል፤ ሰማያዊ የተፈለገ እንደሆነ ያ ቀስ ብሎ ይጠፋና ሰማያዊው ይተካል። የጋለው ሽቦ ኤሌክትሪኩ ሲቀነስበት ወዲያው አይጠፋም፤ እየቀላ ቀስ ብሎ ይበርዳል። ከዚህም የተነሣ የባለሙያው እጅ ጥቂት ቢንቀጠቀጥ እንኳ አምፖሉ ራሱ ስሕተቱን ይሸፍንለት ነበር።

ዛሬ በብዙ መድረክ ላይ ተሰቅሎ የምናየው ኤል.ኢ.ዲ. የተባለው መብራት ነው። በአንዱ መብራት ውስጥ ቀይ፥ አረንጓዴና ሰማያዊ ብርሃን የሚሰጡ ጥቃቅን ምንጮች ተደርድረዋል። ጠረጴዛው ለእያንዳንዱ ቀለም ከ0 እስከ 255 የሚደርስ ቁጥር ይልካል። ቁጥሩ የሚላክበት ሥርዓት ዲ.ኤም.ኤክስ. 512 ይባላል፤ የአሜሪካ የቲያትር ቴክኖሎጂ ተቋም በ1986 ዓ.ም. በአውሮፓውያን አቆጣጠር ያወጣው ነው። ስሙ እንደሚያመለክተው በአንድ መስመር 512 ቻናሎችን ይሸከማል። እንግዲህ ልብ ማለት የሚገባን ይህን ነው። ከጠረጴዛው የሚወጣው ቁጥር ነው፤ ቁጥሩ በገመድ ይጓዛል፤ መብራቱ ዘንድ ሲደርስ ብርሃን ይሆናል፤ ብርሃኑም በተመልካች ዓይን ገብቶ ቀለም ይባላል። ብልሽት ቢኖር ከእነዚህ ጣቢያዎች በአንዱ ላይ ነው። ጣቢያውን ሳይለይ የሚፈርድ ሰው፥ የበሽተኛውን ልብ ምት ሳያዳምጥ መድኃኒት ከሚያዝ ሐኪም አይለይም።

የመጀመሪያው ጣቢያ ትእዛዙ ራሱ ነው። ቢጫ ብርሃን የሚገኘው ቀይና አረንጓዴ ብርሃን ሲደባለቁ ነው። ከሙሉ ቢጫ ወደ ሙሉ ሰማያዊ በ10 ሴኮንድ ተሻገር ተብሎ የታዘዘ ጠረጴዛ፥ ቀዩንና አረንጓዴውን ዝቅ ሲያደርግ ሰማያዊውን ከፍ ያደርጋል። በ5ኛው ሴኮንድ ላይ ሦስቱም በግማሽ ላይ ይገናኛሉ። ሦስቱ እኩል ሲሆኑ ደግሞ የሚታየው የደከመ ነጭ፥ ማለት ዐመድ የመሰለ ብርሃን ነው። እዚህ ላይ መሣሪያው የታዘዘውን በትክክል ፈጸመ እንጂ አልተበላሸም። መድኃኒቱም በመካከል መሸጋገሪያ ማስገባት ነው፤ ለምሳሌ ቢጫው መጀመሪያ ወደ ብርቱካን፥ ቀጥሎ ወደ ቀይ ሐምራዊ፥ በመጨረሻም ወደ ሰማያዊ እንዲሄድ ማድረግ ይቻላል። ወይም አረንጓዴው ቀድሞ እንዲወርድ፥ ቀዩም እንዲዘገይ ለእያንዳንዱ የተለየ ጊዜ መስጠት ነው። አንዳንዱ ጠረጴዛ ቀለማትን እንደ ክብ አስቀምጦ በክቡ ዙሪያ ያስኬዳቸዋል። ነገር ግን በክብ ላይ ለመሄድ ሁለት አቅጣጫ አለ። አንዱ በቀይ በኩል፥ ሌላው በአረንጓዴ በኩል ያልፋል። በአረንጓዴ በኩል ያለፈ እንደሆነ የሙሽራይቱ ፊት ለጥቂት ሴኮንድ የሕመምተኛ ፊት ይመስላል። ስለዚህ አቅጣጫውን አስቀድሞ መምረጥ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ጣቢያ በጠረጴዛው ውስጥ ነው። ሁለት ትእዛዞች በአንድ መብራት ላይ የተገናኙ እንደሆነ ጠረጴዛው የሚዳኛቸው በደንብ ነው። በብርሃን መጠን ረገድ ብዙውን ጊዜ ከሁለቱ ከፍተኛው ይጸናል፤ በቀለም ረገድ ግን ብዙውን ጊዜ በመጨረሻ የመጣው ይጸናል። ስለዚህ በልምምድ ጊዜ ወደ ላይ የተገፋ አንድ መግፊያ ሳይወርድ የተረሳ እንደሆነ፥ ትዕይንቱ ሊጨልም ሲገባው አልጨልምም ይላል። እንደዚሁም መብራቱ ጠፍቶ ሳለ የሚቀጥለው ቀለም አስቀድሞ ካልተሰናዳለት፥ በሚበራበት ጊዜ በአሮጌው ቀለም ይነሣና በሕዝብ ፊት ልብሱን ይለውጣል። የዚህም መፍትሔ መብራቱ በጨለማ ላይ ሳለ ቀለሙን አስቀድሞ ማሰናዳት ነው።

ሦስተኛው ጣቢያ ገመዱ ነው። ገመዱ ከጠረጴዛው ወደ መጀመሪያው መብራት፥ ከዚያም ከመብራት ወደ መብራት እየተቀጠለ ይሄዳል። በመጨረሻው መብራት ላይ 120 ኦም የሆነ መዝጊያ መሰካት ይገባል፤ ያለዚያ መልእክቱ ከጫፉ እየነጠረ ይመለስና ራሱን ያውካል። አንዳንድ ሰው የሶኬቱ ቅርጽ ስለተመሳሰለ ብቻ የማይክሮፎን ገመድ ይተካበታል። ይህ ገመድ አንድ ቀን ይሠራል፤ በሌላው ቀን ያንቀጠቅጣል፤ ሰውንም የሚያሳስተው ይኸው ነው። ምርመራው ግን አስቸጋሪ አይደለም። ሁሉም መብራቶች አብረው የሚንቀጠቀጡ ከሆነ ከጠረጴዛው ከሚወጣው ከመጀመሪያው ገመድና በጫፍ ካለው መዝጊያ መጀመር ነው። እስከ አራተኛው ድረስ ደኅና ሆኖ ከአምስተኛው ወዲያ የታወከ ከሆነ በሁለቱ መካከል ያለውን ገመድ ለውጦ ማየት ነው። የታወከው አንድ ብቻ ከሆነ ያን መብራት ራሱን መመርመር ነው።

አራተኛው ጣቢያ መብራቱ ነው። እያንዳንዱ መብራት የራሱ አድራሻና የራሱ የአቀባበል ደንብ አለው። መብራቱ 7 ቻናል እንዲቀበል ተደርጎ ሳለ ጠረጴዛው 4 ብቻ እንደሚቀበል የተነገረው ከሆነ፥ ቀዩ ሲጠራ ሌላው አቤት ይላል። ደረጃ እየወረደ የሚጨልመውም ብርሃን ምክንያቱ የሚገኘው እዚህ ነው። ከ255 እስከ 0 በ60 ሴኮንድ የሚወርድ ብርሃን በየሴኮንዱ 4 ያህል ደረጃ ይወርዳል። ከ200 ወደ 199 የወረደ እንደሆነ ዓይን አይለየውም፤ ከ2 ወደ 1 ሲወርድ ግን ቁጥሩ በአንድ ጊዜ በግማሽ ተቀነሰ ማለት ነው። ኤል.ኢ.ዲ. ደግሞ እንደ ጥንቱ አምፖል ቀስ ብሎ የሚበርድ ሽቦ ስለሌለው ደረጃውን ሁሉ ያሳያል። ብዙ መብራቶች ለአንድ ቀለም ሁለት ቻናል መቀበል ይችላሉ፤ ያን ጊዜ ደረጃው ከ256 ወደ 65,536 ከፍ ይላል፤ አወራረዱም ይለሰልሳል። ነገር ግን በመብራቱ ላይ የተለወጠው ደንብ በጠረጴዛውም ላይ መለወጥ አለበት፤ ያለዚያ ቀለማቱ ይደበላለቃሉ።

አምስተኛው ጣቢያ ዓይን ነው። ለብዙ ደቂቃ ቀይ ብርሃን ሲመለከት የቆየ ዓይን ነጭ ብርሃን ባየ ጊዜ ነጩ ወደ አረንጓዴና ወደ ሰማያዊ ያደላ መስሎ ይታየዋል። ስለዚህ አንዱን የቀለም ለውጥ ብቻውን አይቶ ጥሩ ነው ማለት አይበቃም፤ ከፊቱ ካለው ትዕይንት ጋር አያይዞ ማየት ያስፈልጋል። ፈተናውም በባዶ ግድግዳ ላይ ሳይሆን ልብሱን በለበሰ ተዋናይ ላይ መሆን ይገባዋል። በተለይ በእኛ መድረክ ላይ ነጭ ቀሚስ፥ ነጠላና ጋቢ ብዙ ጊዜ ይለበሳል። ነጭ ልብስ የመጣበትን ቀለም ሁሉ መልሶ ስለሚያሳይ፥ ጥቁር መጋረጃ የሸሸገውን ስሕተት ነጠላ ያጋልጠዋል። በጠለቀ ሰማያዊ ብርሃን ደግሞ የጠይም ሰው ፊት ከነስሜቱ ሊጠፋ ይችላል። ይህን የሚያውቀው ጠረጴዛው ሳይሆን በአዳራሹ ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚመለከት ሰው ነው።

አሁን ወደ ቢሮው ክርክር እንመለስ። ከእነዚህ ከአምስቱ ጣቢያዎች አዲስ ጠረጴዛ በመግዛት የሚድነው የትኛው ነው? ትእዛዙ ካልታረመ አዲሱም ጠረጴዛ ያንኑ ዐመድ ያወጣል። የተረሳው መግፊያ በአዲሱም ላይ ይረሳል። ገመዱና መዝጊያው እንደነበሩ ከቀሩ መንቀጥቀጡም እንደነበረ ይቀራል። መብራቱ አይለወጥም፤ የተመልካችም ዓይን በግዥ አይገኝም። በርግጥ ማናቸውም መሣሪያ ያረጃል፤ የሚጣልበትም ቀን ይመጣል። መግፊያዎቹ የተበሉ፥ መለዋወጫም የማይገኝለት ጠረጴዛ አዲስ ይተካ ቢባል ማንም አይቃወምም። የምንቃወመው ሳይመረመር የሚወጣውን ገንዘብ ነው። ለአንድ መዝጊያ መግዣ የሚበቃው ጥቂት ብር ሲጠፋ ለጠረጴዛ የሚሆን ብዙ ብር ከተገኘ፥ ጉድለቱ ከመድረክ ላይ ሳይሆን ከመዝገብ ቤት ላይ ነው።

«እኔ የአስተዳደር ሠራተኛ ነኝ፤ የገመድና የኦም ነገር አይመለከተኝም» የሚል ወጣት ባለሥልጣን ሊኖር ይችላል። ልክ ነው፤ ገመዱን እንዲሰካ አንጠይቀውም። ነገር ግን በግዥው ማዘዣ ላይ ፊርማውን ከማኖሩ በፊት ሦስት ጥያቄዎችን መጠየቅ ይችላል። ብልሽቱ በየትኛው ጣቢያ ላይ እንደሆነ ተለይቷልን? የተለየበትስ መንገድ በጽሑፍ ተቀምጧልን? ባለሙያው መብራቱን ከነተዋናዮቹ ለመፈተን ስንት ሰዓት ተሰጥቶት ነበር? ከሦስቱም ይልቅ የመጨረሻው ጥያቄ ይከብዳል። አዳራሹ ቀኑን ሙሉ በስብሰባ ተይዞ ውሎ ሕዝቡ ሊገባ አንድ ሰዓት ሲቀረው መድረኩን የተረከበ ሰው፥ አምስቱን ጣቢያዎች በምን ጊዜ ሊመረምር ይችላል? ጊዜ ነፍገነው ስሕተት ብንጠይቀው ፍርዱ ፍርደ ገምድል ይሆናል።

ለባለሙያውና በየትምህርት ቤቱ አዳራሽ መብራት ለሚይዙት ተማሪዎችም የምንለው አለን። ብልሽት በታየ ጊዜ ሁሉንም ነገር በአንድ ጊዜ መነካካት አይገባም። ገመዱን፥ አድራሻውንና ትእዛዙን አንድ ላይ የለወጠ ሰው መብራቱ ቢድንለት እንኳ በምን እንደዳነ አያውቅም፤ በሚቀጥለው ሳምንት ያው ብልሽት ሲመለስ እንደገና ከባዶ ይጀምራል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነው። አንድ ነገር ለውጦ ማየት፥ ካልሆነ እንደነበረ መልሶ ሁለተኛውን መሞከር፥ የተሞከረውንም ሁሉ በአንድ ደብተር ላይ ከነቀኑ መጻፍ ያስፈልጋል። ይህ ደብተር ባለሙያውን ከሐሰት ወቀሳ ያድነዋል፤ መሥሪያ ቤቱንም ከከንቱ ወጪ ይጠብቃል፤ ከእርሱ በኋላ ለሚመጣውም ወጣት ከማናቸውም መምህር ይልቅ ያስተምረዋል።

ይህን ሁሉ መናገራችን የቀለም ነገር ብቻ አሳስቦን አይደለም። በውሃ ቧንቧም፥ በመኪናም፥ በመሥሪያ ቤት አሠራርም ቢሆን ብልሽት በታየ ቁጥር በመጀመሪያ የሚታየን ሰው ነው፤ ቀጥሎም ግዥ ነው፤ ምርመራ ግን በመጨረሻ ይመጣል። ቅደም ተከተሉን መገልበጥ አስፈላጊ ነው። በመድረክ ላይ ቀለም ሲበላሽ ጥፋቱ የማን ነው ብለን ከመጠየቃችን በፊት ከየት ላይ ነው ብለን ብንጠይቅ፥ የሚበዛውን ጊዜ ማንንም መውቀስ ሳያስፈልገን ብልሽቱን እናርመው ነበር ብለን እናምናለን።