አራዳና ፋራ

ባለፈው ሳምንት በዕረፍት ሰዓት ከክፍል በር ላይ ቆሜ ሳለሁ፤ አንዱ ተማሪ ሌላውን «አንተ ፋራ!» ሲለው ሰማሁ። የልጁ ጥፋት ጧት ለእናቱ ጎደሬ ተሸክሞ አረካ ገበያ ካደረሰ በኋላ፤ ጭቃ በነካው ኮንጎ ጫማው ትምህርት ቤት መምጣቱ ኖሯል። ተሳዳቢው ራሱን «አራዳ» ይላል፤ አዲስ አበባን ግን ገና አላያትም። ቃሉን ያመጣለት እዚያ ሊስትሮ የሚሠራው ታላቅ ወንድሙ ነው፤ ለጊፋታ በዓል ሲመጣ ከአዲስ ሸራ ጫማ ጋራ።

አንባቢ ሆይ፤ አራዳ አስቀድሞ የሰፈር ስም ነው። ይኸውም በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በአዲስ አበባ፤ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ይቆም የነበረው ትልቅ ገበያ ነው። እህሉ፤ ቅቤውና ማሩ ከየገጠሩ ተጭኖ እዚያ ይራገፍ ነበር። በዙሪያው የአርመን፤ የግሪክና የህንድ ነጋዴዎች ሱቅ ከፈቱ። ጣልያን በ1928 ዓ.ም. ከተማዪቱን ከያዘ በኋላ ሰፈሩን ፒያሳ አሰኘው፤ ያገሬውን ሰው ገበያ ደግሞ ወደ ምዕራብ አዛውሮ መርካቶን አቆመ።

እንግዲህ በዚያ ሰፈር ያደገ ልጅ የነጋዴውን ዓይን ሲያነብ፤ ያምስት አገር ቋንቋ ሲሰማ ይውላል። በቀላሉ አይታለልም፤ ቢታለልም ለሰው አይናገርም። «የአራዳ ልጅ» እንዲህ ያለው ነበር። ኋላ «ልጅ» የምትለው ወደቀችና የሰፈሩ ስም ብቻውን የሰው ጠባይ ሆነ፤ ከቂርቆስም ከጎንደርም የሆነ ሰው አራዳ ይባል ጀመር። የራሳቸውንም አነጋገር አበጁ፤ ወንደላጤን ቆርጠው «ላጤ»፤ አባትን ከእንግሊዝኛ ተበድረው «ፋዘር» አሉ። የዚህን ዓይነት ብልሃት የሚነቅፉ መምህራን አሉ፤ እኔ ግን እወደዋለሁ። የምጠላው ከአራዳ ጋራ የተጣመደውን «ፋራ» የሚለውን ስድብ ነው። ቅቤውን ጭኖ ያ ገበያ እንዲቆም ያደረገውን ባላገር መልሶ ይሰድብበታልና።

ሰፈሩ ራሱ ዛሬ የቀድሞው አይደለም። በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ከፒያሳ ብዙ ቤት ፈርሶ ነዋሪው ወደ ከተማው ዳር ተዛውሯል። ስሙ ግን የቤት ችግር የለበትም፤ እነሆ አረካ ድረስ መጥቷል።

ይህን ሁሉ ለሁለቱ ተማሪዎች ነገርኋቸው። ተሳዳቢው አንገቱን ደፋ። ባለኮንጎው ግን ሳቀና፤ «ነገ ጧት ከኔ ጋራ ና፤ አራዳውን አሳይሃለሁ፤ ጎደሬውን ግን አንተ ትሸከማለህ» አለው።

ሄዶ እንደ ሆነ ገና አልጠየቅሁም።