ለሐሙሱ ዕጣ ይጨመርለት

ሐሙስ ከቀኑ አሥር ሰዓት ሊሞላ ደቂቃዎች ሲቀሩት፣ በካሊፎርኒያ ስልኩ ላይ ያጎነበሰ ሁሉ የኳስ ውጤት እየተከታተለ ነው ማለት አይደለም። በመካከላቸው ለቅዳሜ የተራራ መውጫ ፈቃድ የሚጠይቁ አሉ። አሥር ሰዓት ሲሆን ምዝገባው ይዘጋል። ማታ ላይ በኢሜይል መልስ ይመጣል፤ ወይ ደርሶሃል ወይ አልደረሰህም። የደረሰው ስንቁን ይቋጥራል፣ ያልደረሰው ደግሞ ለቅዳሜ ሌላ ነገር ይፈልጋል።

ለተራራ ደግሞ የምን ፈቃድ ነው? የሚል አይጠፋም። ተራራ መቼ በር ኖሮት ያውቃል! ነገር ግን የሚወራው ስለ ሃፍ ዶም ነው። በዲቪ ዕጣዋ ስሟ በየሐበሻው ቤት የገባው አሜሪካ ተራራዋንም በዕጣ ታድላለች፤ እንደ ዲቪው ሁሉ እዚህም ከሚደርሰው የማይደርሰው ይበዛል።

ሃፍ ዶም በዮሰሚቴ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ የሚገኝ ግዙፍ የግራናይት አለት ነው። አንድ ጎኑ በቢላ የተቆረጠ ድፎ ዳቦ ይመስላል። ከፍታው ወደ 2,700 ሜትር ነው፤ ይህ እንግዲህ ከእንጦጦ ያነሰ ነው። ማለዳ ማለዳ እንጦጦ ላይ ለሚሮጡት የኛ አትሌቶች ቁጥሩ ብርቅ አይሆንም። ጣጣው ያለው ሌላ ቦታ ነው። ጉዞው የሚጀመረው 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ካለው ሸለቆ በመሆኑ በአንድ ቀን ወደ 1,500 ሜትር ሽቅብ ወጥቶ ያንኑ ያህል መውረድ ይጠይቃል። ደርሶ መልሱ ከ23 እስከ 26 ኪሎ ሜትር ነው። አብዛኛው ሰው ከአሥር እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ይፈጅበታል። ሌሊት በባትሪ ተነስቶ ማታ በባትሪ የሚመለስም አለ።

ይህ ሁሉ ግን መግቢያው ነው። የመጨረሻው 120 ሜትር ገደማ ቀጥ ያለ ልሙጥ አለት ነው። እዚያ ላይ ሁለት የብረት ገመዶች በብረት ቋሚዎች ተይዘው ወደ ላይ ተዘርግተዋል፤ በየተወሰነ ርቀት እግር ማሳረፊያ እንጨት ተጋድሟል። ወጪውም ወራጁም በሁለቱ ገመዶች መካከል ነው የሚተላለፈው። ገመዶቹ የተዘረጉት በሴራ ክለብ አማካይነት እ.ኤ.አ. በ1919 ነው። ከዚያ በፊት የካሊፎርኒያ የሥነ ምድር ጥናት ኃላፊ የነበረው ጆሳያ ዊትኒ የሰው እግር ጨርሶ የማይረግጠው ቦታ ነው ብሎ ነበር። ጆርጅ አንደርሰን የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1875 አለቱን እየበሳ፣ ብረት እየተከለ ወጣና አፉን አስያዘው።

ዛሬ ችግሩ የሰው እግር አለመድረሱ ሳይሆን መብዛቱ ነው። እ.ኤ.አ. እስከ 2010 ድረስ ማንም ጫማውን አስሮ መሄድ ይችል ነበር። በበጋው ቅዳሜዎች ከሺህ በላይ ሰው ይወጣ ነበር። ገመዱ ላይ ወረፋው እንደ ዳቦ ቤት ሰልፍ ይቆማል፤ ልዩነቱ ዳቦ ቤት ሰልፍ ላይ እግር ቢያዳልጥ የሚያርፉት አስፋልት ላይ መሆኑ ነው። በጁን 2009 አለቱ በዝናብ ርሶ ሳለ አንድ ሰው ወድቆ ሞተ። በዓመቱ ዓርብን፣ ቅዳሜን፣ እሑድንና የበዓል ቀናትን በፈቃድ ብቻ አደረጉት።

ያኔ ታዲያ ፈቃዱ ቀድሞ ለመጣ ነበር የሚሸጠው። በደቂቃዎች ውስጥ አለቀ። ቀጥሎ የሆነውን የደርቢ ዕለት ስታዲየም በር ላይ ቆሞ የሚያውቅ ሰው ሳይነገረው ይገምታል፤ ትኬቱ በእጥፍና ከዚያ በላይ ኢንተርኔት ላይ ተቸበቸበ። በ2011 ፈቃዱ በሳምንቱ ቀናት ሁሉ ግዴታ ሆነ፣ በ2012 ወደ ዕጣ ተዛወረ። አሁን በቀን የሚፈቀደው 300 ሰው ነው። ከእነዚህ ውስጥ 225 ያህሉ በአንድ ቀን ደርሰው የሚመለሱ፣ 75 ያህሉ ደግሞ በረሃ አድረው የሚወጡ ናቸው። አየር ሲበላሽ ሰው ሳይረጋገጥ ቶሎ እንዲወርድ ቁጥሩን መቀነሱ ልክ ነው፤ በዚህ ላይ ክርክር የለም።

ክርክሩ ያለው ዕጣው መቼ ይውጣ በሚለው ላይ ነው።

ዋናው ዕጣ ምዝገባው በማርች ወር ውስጥ ነው። አመልካቹ የሚፈልጋቸውን እስከ ሰባት የሚደርሱ ቀናት ይመርጣል፣ እስከ ስድስት ሰው ያስመዘግባል፣ በኤፕሪል አጋማሽ ውጤቱን ይሰማል። ከዚያ በኋላ የሚቀረው የመጨረሻው ሰዓት ዕድል ነው። በወቅቱ በየቀኑ ለሁለት ቀን በኋላ ጉዞ ዕጣ ይወጣል። ቅዳሜ ለመውጣት ሐሙስ፣ እሑድ ለመውጣት ዓርብ ማለት ነው። ምዝገባው በካሊፎርኒያ ሰዓት ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ተከፍቶ ከቀኑ አሥር ሰዓት ይዘጋል። ለዚህኛው የተተወው ቁጥር በቀን 50 ያህል ነው። ይቺ 50 ደግሞ ሆን ተብሎ ለዘገየ ሰው የተመደበች አይደለችም። በማርች ከደረሳቸው ውስጥ ስንቱ ይቀራል፣ ስንቱ ይሰርዛል ተብሎ ተገምቶ የተገኘች ናት። ባጭሩ፣ ከሰው ማዕድ የተረፈች ፍርፋሪ ናት።

ፍርፋሪ መሆን ያልነበረበት ግን ይኸኛው ነው።

ምክንያቱ ቀላል ነው። በማርች ወር የጁላይ 20ን አየር ሁኔታ የሚያውቅ ማንም የለም። አመልካቹ ቀን የሚመርጠው በጭፍን ነው። ዕጣው ከደረሰው በኋላ እረፍት ይጠይቃል፣ ማረፊያ ይይዛል፣ ጓደኞቹን ያስተባብራል፣ ሦስት ወር ያህል ደረጃ እየወጣ እየወረደ ይለማመዳል። ቀኑ ሲደርስ ከሸለቆው ማዶ ጥቁር ደመና ይቆማል። አሁን ይህንን ሰውዬ ተመለስ ቢሉት ይመለሳል? የሚመለስ አለ፤ ጀግና ነው። አብዛኛው ግን ኪሱ ውስጥ ያለው ወረቀት ይገፋዋል። «ከዚህ ወዲያ መቼ ይደርሰኛል?» ይላል። ያወጣው ብር አይደለም ሽቅብ የሚጎትተው፤ ለማመልከቻ አሥር ዶላር፣ ሲደርስ ደግሞ በነፍስ ወከፍ አሥር ዶላር ቢሆን ነው። የሚጎትተው ዕድሉ ነው።

በሴራ ኔቫዳ ተራሮች የበጋ ነጎድጓድ የከሰዓት እንግዳ ነው። ጠዋት ሰማዩ ጥርት ብሎ ይውልና ከሰዓት በኋላ ያጉረመርማል። የደረቀ ግራናይት ጫማ ይይዛል፣ የረጠበ ግራናይት ግን ሳሙና ነው። ገመዱ ብረት ስለሆነ መብረቅ ሲመጣ የሚጨበጥ ነገር አይደለም። በጁላይ 1985 አናቱ ላይ በወረደ መብረቅ ሁለት ሰዎች ሞተዋል፣ አብረዋቸው የነበሩም ተጎድተዋል። በጁላይ 2024 ደግሞ አንዲት ወጣት አናቱ ላይ ደርሳ ስትመለስ ድንገት ዝናብ ደረሰባት፤ ገመዱ ላይ አዳልጧት ወድቃ ሕይወቷ አለፈ። ፓርኩ ራሱ ደመና ካያችሁ ወደ ገመዱ አትጠጉ እያለ ያስጠነቅቃል። ማስጠንቀቂያውን ያወጣው መሥሪያ ቤት ግን የፈቃዱን አብዛኛውን ክፍል የሚያድለው ስለ ደመናው ምንም በማይታወቅበት ወር ነው። እንዴት ነው ነገሩ?

የሐሙሱ አመልካች በተቃራኒው ትንበያውን አይቶ ነው የሚያመለክተው። ቅዳሜ ነጎድጓድ አለ ከተባለ አሥር ዶላሩን ሳያወጣ ይቀራል፣ ለሰኞም ለማክሰኞም ቀኑ ሲደርስ ይሞክራል። የቀረበት ነገር ስለሌለ የሚገፋው ነገር የለም። እርግጥ ትንበያ ሁሉን ያውቃል ማለት አይደለም። ተራራ ላይ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሰማይ መልኩን ይለውጣል፤ የሐሙሱ ባለዕድልም ቢሆን ደመና ካየ መመለስ አለበት። ሆኖም የሁለት ቀን ትንበያና የአራት ወር ግምት አንድ ሚዛን ላይ አይቀመጡም።

ሌላም ነገር አለ። በማርች ተቀምጦ የጁላይ ቅዳሜው ነፃ መሆኑን የሚያውቅ ሰው ማነው? ወንበሩ የተደላደለ፣ ዓመታዊ እረፍቱን በጊዜ የሚያስመዘግብ ሠራተኛ ነው። በፈረቃ የሚሠራው፣ የሥራ ፕሮግራሙ በየሳምንቱ የሚለጠፍለት ሰው ለእርሱ የማርች ዕጣ ተረት ነው። በኦክላንድና በሳን ሆዜ፣ በሎስ አንጀለስም ከሚኖሩት ኢትዮጵያውያን ውስጥ እንዲህ ዓይነት ፈረቃ የሚሠሩ ጥቂት አይደሉም። ከሳን ፍራንሲስኮ ዮሰሚቴ ድረስ በመኪና አራት ሰዓት ገደማ፣ ከሎስ አንጀለስ ስድስት ሰዓት ገደማ ነው። ሐሙስ ማታ የደረሰው ሰው ዓርብ ከሥራ ሲወጣ መኪናውን ማስነሳት ይችላል።

የዚህ ሐሳብ ተቃዋሚዎች የሚያነሱት ነጥብ ቀላል አይደለም። ከጀርመን ወይም ከጃፓን፣ ወይም ከኒው ዮርክ የሚመጣ ሰው በሐሙስ ዕጣ ተማምኖ የአውሮፕላን ትኬት አይቆርጥም። ዕጣው ሁሉ ወደ መጨረሻው ሰዓት ቢዞር ተራራው የጎረቤት ሰዎች ብቻ ይሆናል። ብሔራዊ ፓርክ ደግሞ የሁሉም ነው። እውነት ነው። ስለዚህ የማርቹን ዕጣ ማጥፋት መፍትሔ አይሆንም። ግማሽ በግማሽ ቢካፈሉት ግን ማን ይጎዳል? ከሩቅ የሚመጣው በማርች ይሞክር፤ ካልቀናው ሳምንት ሙሉ በዮሰሚቴ ሲቆይ በየቀኑ የሚሞክርበት ሰፋ ያለ ዕጣ ያገኛል። ዛሬ ያ እንግዳ ለ50 ቦታ ነው ከመላው ካሊፎርኒያ ጋር የሚጋፋው።

ደግሞ አዲስ ፈጠራ አይደለም። በዩታ ግዛት በዛዮን ብሔራዊ ፓርክ ያለው ኤንጀልስ ላንዲንግ የተባለው ገደል፣ በሰንሰለት ተይዞ የሚወጣ፣ ከኤፕሪል 1 ቀን 2022 ጀምሮ በፈቃድ ሆኗል። እዚያ ከየወቅቱ ዕጣ ጎን ለጎን የዋዜማ ዕጣ አለ፤ ለነገ ጉዞ ዛሬ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ተመዝግቦ አሥር ሰዓት ላይ መልሱ ይታወቃል። አንድ ቀን ብቻ ነው በመካከሉ ያለው። ሃፍ ዶም ሁለት ቀን ይላል፤ እሱም ባልከፋ ነበር፣ ቁጥሩን አሳነሱት እንጂ።

እስከዚያው ሐሙስን የሚጠብቅ ሰው ማወቅ ያለበት ነገር አለ። ከቅዳሜና እሑድ ይልቅ በሥራ ቀናት ዕድሉ የተሻለ ነው። አንድ ሰው በአንድ ማመልከቻ ላይ ብቻ ነው በመሪነት ወይም በተጠባባቂነት ስሙን ማስገባት የሚችለው፤ ብልጥ ልሁን ብሎ ሁለት ቦታ የሞላ ሁለቱም ይሰረዝበታል። ስድስት ጓደኛሞች ግን በየራሳቸው ስም ስድስት ማመልከቻ ቢያስገቡ የሚከለክል የለም፤ አንዱ ከቀናው ሌሎቹን አምስቱን ይዞ ይወጣል። ከሌላ ሰው ፈቃድ መግዛት ዋጋ የለውም፤ መሪው ወይም ተጠባባቂው ራሱ በአካል መገኘት አለበት። ያለ ፈቃድ እንደ ምንም ሾልኬ እገባለሁ የሚልም ከገመዱ በታች ባለው ጉብታ ሥር ሬንጀሮቹን ያገኛቸዋል። ቅጣቱ እስከ 5,000 ዶላርና እስከ ስድስት ወር እስራት ይደርሳል። ለአንድ ቀን ሽርሽር ስድስት ወር፣ ኧረ ይቅር!

ጓንት መያዝ አይርሳ፤ ብረቱ እጅ ይልጣል። ውኃ በብዛት ያስፈልጋል። ገመዱ ሥር በቀትር ሳይሆን በጠዋት መድረስ፣ ከሰዓቱ ደመና በፊትም መውረድ ይሻላል። ይኼ ሁሉ ግን የደረሰው ሰው ጣጣ ነው። ለቅዳሜ ያልደረሰው ዓርብ ጠዋት ተነስቶ መጀመሪያ የእሑድን ትንበያ ያያል፤ ሰማዩ ጥርት ያለ ከሆነ አሥር ዶላሩን እንደገና ከፍሎ እስከ ማታ ኢሜይሉን ይጠብቃል።