የኦዲት ግኝት ሲደጋገም ተጠያቂው ማን ነው?

ሰኔ ለገበሬው የእርሻና የዘር ወር ነው፤ ለመንግሥት መሥሪያ ቤት ደግሞ የበጀት ዓመቱ መዝጊያ። የፌዴራል ዋና ኦዲተር ዓመታዊ ሪፖርትም ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሚቀርበው አብዛኛውን ጊዜ በግንቦትና በሰኔ ነው። ሪፖርቱ የሚናገረው ግን ሊዘጋ ስለተቃረበው በጀት ሳይሆን ከዚያ በፊት ስለነበረው ነው። ግኝቱ ምክር ቤት ሲደርስ ገንዘቡን ያወጣው ኃላፊ ወደ ሌላ ቦታ ተዛውሮ ሊሆን ይችላል።

ኦዲተሩ ለምን አያስመልስም የሚል ጥያቄ ከአድማጮች ይነሳል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 101 ለዋና ኦዲተሩ የሰጠው ሥራ ሒሳብ መርምሮ ለምክር ቤቱ ሪፖርት ማቅረብ ነው፤ ገንዘብ ማስመለስም ሆነ ኃላፊ ማንሳት አይደለም። ማስተካከል የመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ ግዴታ ነው። ባለሥልጣናትን ጠርቶ የመጠየቅ ሥልጣን ደግሞ በአንቀጽ 55 ለምክር ቤቱ ተሰጥቷል። ክልሎችም ለየምክር ቤቶቻቸው ሪፖርት የሚያቀርቡ ዋና ኦዲተሮች አሏቸው።

በየዓመቱ ከሚደጋገሙት ግኝቶች አንዱ በወቅቱ ያልተወራረደ ተሰብሳቢ ሒሳብ ነው። ቃሉ ለቢሮ ሰው የተለመደ ነው፤ ለገበሬው ትርጉሙ እንዲህ ነው። አንድ ጽሕፈት ቤት ለመስኖ ቦይ ግንባታ ቅድሚያ ክፍያ ከፈለ እንበል። ተቋራጩ ሥራውን ጥሎ ሄደ። ገንዘቡ ግን በመዝገብ ላይ ወደፊት እንደሚሰበሰብ ሀብት ተጽፎ ይኖራል። ኦዲተሩ "ይወራረድ" ብሎ ይጽፋል፤ ጽሕፈት ቤቱ "ጥረት እየተደረገ ነው" ብሎ ይመልሳል። በቀጣዩ ዓመት ያው ሒሳብ፣ ያው አስተያየት፣ ያው መልስ። ቦዩ በሌለበት ማሳ በበጋ የሚበቅል ነገር የለም።

ስንዴው ላይ ዋግ ያየ የግብርና ባለሙያ ምክሩን ሰጥቶ አይቀርም፤ ተመልሶ ማሳውን ያያል። በኦዲት ሥራ የሚጎድለው ይህ ምልልስ ይመስለኛል። ተመርማሪ መሥሪያ ቤቶች የድርጊት መርሐ ግብር ያዘጋጃሉ፤ ችግሩ መርሐ ግብሩ ብዙ ጊዜ ኮሚቴ እንጂ የሰው ስም፣ "በቅርቡ" እንጂ ቀን የማይዝ መሆኑ ነው። አዲስ ኃላፊ ሲሾምም "በእኔ ጊዜ የተፈጸመ አይደለም" ይላል። ይህን ሰበብ ለመዝጋት ያልተስተካከሉ ግኝቶች ዝርዝር ከመኪናና ከማኅተም ጋር በርክክብ ሰነዱ ላይ ቢሰፍር በቂ ነበር።

እርግጥ ሁሉም መዘግየት ከቸልተኝነት የመጣ አይደለም። በሰሜኑ ጦርነት ሰነዶቻቸው የወደሙባቸው መሥሪያ ቤቶች አሉ። የእነዚህ ሒሳብ በማስረጃ ተለይቶ ውሳኔ ሊሰጥበት ይገባል እንጂ ለሌላው መሸሸጊያ ሊሆን አይገባም።

ሪፖርቱና የአዲሱ በጀት ረቂቅ በአንድ ሰሞን ምክር ቤት መድረሳቸው እስካሁን እምብዛም ያልተሠራበት ዕድል ነው። የክልልም ሆነ የወረዳ ምክር ቤት አባላት የአንድን ጽሕፈት ቤት በጀት ሲያዩ ያለፈውን የኦዲት ግኝት በዚያው ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ ይችላሉ፤ ማን፣ በየትኛው ቀን፣ በምን ማስረጃ አስተካከለ ብለው መጠየቅ ይችላሉ። በብዙ ወረዳዎች በጀት በማስታወቂያ ሰሌዳ ይለጠፋል። ነዋሪውም በሚቀጥለው ስብሰባ ከበጀቱ ጎን የኦዲት ግኝቱና የተወሰደው እርምጃ እንዲለጠፍ መጠየቅ ይችላል።