ካሳ መጠየቅ ቀደርን መካድ ነውን?

ጎረቤትህ በመኪና ተገጭቶ እግሩ ሲሰበር፣ «የአላህ ቀደር ነው፤ ካሳ አትጠይቅ» ብለህ መክረኸው ታውቃለህን? ቀደር መሆኑስ እውነት ነው። ግን የገጪውን ዕዳ ማን ሰረዘለት?

እስቲ አስተውል! ሱረቱ አን-ኒሳእ ቁጥር 92 ምእመንን በስህተት የገደለ እንኳ ለሟች ቤተሰብ የደም ካሳ እንዲሰጥ ያዛል፤ ቤተሰቡ በምጽዋትነት ካልተወው በቀር። መተው የባለ ሐቁ ነው፤ የሽማግሌው አይደለም! ታዲያ አንተ በሌላው ስብራት ቸር የሆንከው በማን ፈቃድ ነው?

ሰው ሐቁን በሕግ እንደሚያገኝ ካላመነ ወዴት ይሄዳል? ወይ ወደ በቀል፣ ወይ ወደ ዝምታ። በጋምቤላ ክልል፣ እንደ ትየርኪዲ ሁሉ የደቡብ ሱዳን ስደተኞች በተጠለሉበት ጀዊ፣ በሚያዝያ 2008 ዓ.ል. የእርዳታ ድርጅት መኪና ሁለት ሕፃናትን ገጭቶ ገደለ። በቁጣ የተነሱ ሰዎችም በአደጋው እጃቸው የሌለበትን በርካታ ኢትዮጵያውያን ገደሉ። ይህ በምንም የማይጸድቅ ግፍ ነው! ዝምታውስ? የተጎጂውን ልጆች ጦም ያሳድራል።

ሕጉ ግን አለ። የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2081 የመኪናውን ባለቤት ኃላፊ ያደርጋል፤ በአንቀጽ 2143 ደግሞ ክሱ ጉዳቱ በደረሰ በ2 ዓመት ውስጥ እንዲቀርብ ይጠይቃል። ስለዚህ የፖሊስና የሐኪም ማስረጃህን ያዝ። «እንታረቃለን» እያሉ ቀን የሚያስቆጥሩህን ተጠንቀቅ!

ከፈለግህ አውቀህ ማር፤ ተገፍተህ ግን አትተው። አላህ ሐቅን ለባለ ሐቁ ከሚያደርሱት ያድርገን!