ብልጭታውን አይቶ መቍጠር

በክረምት ማታ በጭሮ ከደጃፋችን ተቀምጠን ወደ ሚኤሶ ቆላ ስንመለከት፥ ሰማዩ ያለ አንዳች ድምፅ ብልጭ ድርግም ይላል። ልጆቻችንም «ነጎድጓዱ የት ቀረ?» ብለው ይጠይቁናል።

ያለ ነጎድጓድ መብረቅ ከቶ የለም። ዳሩ ግን ብርሃኑ ወዲያው ሲታይ፥ ድምፁ በሴኮንድ 340 ሜትር ያህል ብቻ ስለሚጓዝ ዘግይቶ ይደርሳል፤ ከሩቅ የተነሣውም እየደከመ ሄዶ ሳይሰማን ይቀራል። ስለዚህ ከብልጭታው እስከ ነጎድጓዱ ያለውን ሴኮንድ ቈጥሮ ለ3 ማካፈል ርቀቱን በኪሎ ሜትር ያሳውቃል። ቍጥሩ 30 ሳይሞላ ከተሰማ፥ መመልከቱን ትቶ ወደ ቤት መግባት እንጂ ከዛፍ ሥር መጠለል አይገባም። ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላም 30 ደቂቃ መታገሥ ያስፈልጋል።

በሜዳ ሳለ የተመታ ሰው ቢኖር ግን፥ አንዳንዶች «ኃጢአቱ ነው» እያሉ ለመንካት ይፈራሉ። ወገኖቻችን ሆይ፥ መብረቅ ረጅሙን ዛፍ የሚመታው ዛፉ ኃጢአት ስላለበት ነውን? በተመታው ሰው ገላ ላይ ኤሌክትሪክ አይቀርምና፥ ፈጥነን እንርዳው፤ ወደ ሐኪም ቤትም እናድርሰው። ፍርዱን ለፈጣሪ እንተው።