ለማጁን ከመንገድ ማባረር ማንን ያድናል?

ጠዋት ከመገናኛ ወደ ሲኤምሲ በሚወስደው መንገድ ላይ «ለማጅ» የተለጠፈባት ቪትዝ ሞተሯ ጠፍቶ ስትቆም፣ ከኋላ ያለው ሁሉ ክላክስ ያስጮኻል። ከሚኒባስ መስኮት ስድብ ይወርዳል። «ለማጆች ከዋና መንገድ ይውጡልን» የሚለውም ብዙ ነው።

ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። የአዲስ አበባ ለማጅ ችግሩ ዋና መንገድ ላይ መውጣቱ ሳይሆን በቂ ሰዓት ሳይነዳበት መንጃ ፈቃድ መያዙ ነው። (መሪ ሳይጨብጥ መንጃ ፈቃድ የሚያወጣውን ለጊዜው እንተወው።)

ሥልጠናው የተቃኘው ለፈተና ነው፦ ስምንት ቁጥር ዙር፣ ፓርክ አድርግ፣ ዳገት ላይ ተነስ። አያስፈልግም የሚል የለም። ነገር ግን በከተማዋ በዓመት 400 ገደማ ሰው በትራፊክ አደጋ ይሞታል፤ አብዛኛው እግረኛ ነው። ሾፌር እግረኛ የሚገድለው ፓርክ ማድረግ አቅቶት አይደለም። ዜብራ ላይ ፍጥነት ስለማይቀንስ፣ ከቆመ ታክሲ ፊት ሰው ብቅ ይላል ብሎ ስለማያስብ ነው። ይህ ገርጂ ውስጥ ለውስጥ ተማሪ ሲለቀቅ፣ አያት ላይ በክረምት ዝናብ፣ ጎሮ ላይ ከመሸ በኋላ እንጂ በኮን መሃል አይለመድም። ለመሆኑ ከአሠልጣኝ ጋር አንዴ እንኳ በማታ የነዳ ለማጅ ስንት ነው? በአውስትራሊያ ኒው ሳውዝ ዌልስ ከ25 ዓመት በታች የሆነ ለማጅ 120 ሰዓት መንዳቱን በመዝገብ ማሳየት አለበት፤ ከዚያ 20ው በማታ ነው።

መኪናውም ተለውጧል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ቦሌና ሲኤምሲ በኤሌክትሪክ መኪና ተሞልተዋል። ባረጀ ኮሮላ ማርሽ እየቀያየረ የሠለጠነ ሰው፣ በማግስቱ ድምፁ እምብዛም የማይሰማ፣ ሲረገጥ የሚፈተለክ መኪና ይረከባል። እግረኛው ደግሞ በጆሮው እያዳመጠ መሻገር የለመደ ነው።

«ሰዓት ከተጨመረ ዋጋ ይወደዳል» ይባላል። አዎ፣ ይወደዳል። ዛሬ ግን ክፍያውን የሚቀበለው ማሠልጠኛው ሲሆን ዕዳውን የሚከፍለው ዜብራ ላይ ያለችው ሴትዮ ናት። የትራፊክ ፖሊስና ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት መዝገባቸውን ቢያገናኙ፣ ፈቃድ ባወጣ በመጀመሪያው ዓመት ሰው የገጨ ሾፌር ከየትኛው ማሠልጠኛ እንደወጣ ይታወቃል። ዝርዝሩ በየዓመቱ ይለጠፍ፤ ተመዝጋቢው አይቶ ይምረጥ። የሚቃወም ማሠልጠኛ ካለ ምክንያቱን በአደባባይ ይናገር።